የጁማዲ የደም ወረቀት

ፓክ ጁማዲ፣ በአማርኛ አባት ጁማዲ እንደማለት፣ የወደቁት በአራተኛው ዙር ላይ ነው። በሱምበርጃቲ መንደር ትምህርት ቤት ሜዳ መሃል ከጣውላ ተሠርቶ ጥቁር የተቀባ ካዕባ ቆሞ፣ የዘንድሮ ሐጅ ተጓዦች አርባ አንድ ሆነው ነጭ በነጭ ለብሰው ዙሪያውን እየዞሩ ይለማመዱ ነበር። ሽማግሌው ደረታቸውን ያዝ ሲያደርጉ ከኋላቸው ያለው ሰውዬ እግራቸውን የረገጠ መስሎት «ይቅርታ» አለ። እሳቸው ግን በግንባራቸው ተደፉ። ሃያ ሁለት ዓመት ወረፋ ጠብቀው፣ ሊሄዱ አሥራ ሁለት ቀን ሲቀራቸው።

ኢንስፔክተር ሱባግዮ ሲደርስ አስከሬኑ በመስገጃ ተሸፍኗል፤ የሟች ልጅ መምህርት ራሃዩ አጠገቡ ተንበርክካለች። በዚያ መንደር የራሃዩን ቃል የሚጠራጠር የለም። የግማሹን ሰው ልጅ ፊደል ያስቆጠረች እሷ ናት።

«ከቤት ስንወጣ አባዬ ደህና ነበር» አለችው። «ደሙ ተመርምሮ ንጹሕ የተባለ ሰው ነው። ዛሬ ጠዋት የቀመሰው የሷን ጃሙ ብቻ ነው።»

ጣቷ ሜዳው ዳር ወደ ቆሙት ወደ ምቦክ ዋርሲ ተቀሰረ። ምቦክ ዋርሲ እርድና ዝንጅብል፣ ለታመመም መራራ ቅጠል ጨምቀው፣ ጠርሙሶቹን በቅርጫት አዝለው ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቤት ለቤት የዞሩ ባልቴት ናቸው። ጃሙ የሚሉት ይህንኑ መጠጥ ነው።

ሱባግዮ በተፈጥሮው ችኩል አልነበረም። የዚያን ቀን ግን አርባ ሰው ዓይን ዓይኑን ሲያየው፣ ሥራውን የሚያውቅ ሰው መምሰል አማረው።

«አንቺ፣ ነይ ወዲህ» አላቸው የእናቱን እኩያ። «ምን ጨመርሽበት?»

«የጨመርኩትን አንተም ትናንት ጣቢያው በር ላይ ጠጥተኸዋል» አሉት።

አንድ ሁለት ሰው ሳቅ አመለጠው። ነገሩን ያበላሸው ያ ሳቅ ነው። ሱባግዮ ፊቱ ቀላ፤ አሮጊቷን ከነቅርጫታቸው በክፍቱ የፖሊስ መኪና ኋላ ላይ አሳፈራቸው። መኪናው መንደሩን እስኪወጣ ልጆች «መርዝ! መርዝ!» እያሉ ተከተሉት።

በሦስተኛው ቀን የሆስፒታሉ ውጤት መጣ። በጠርሙሶቹ ውስጥ እርድ፣ ዝንጅብል፣ ቅጠልና ውሃ እንጂ ሌላ ነገር አልነበረም። በሟች ሆድም መርዝ የሚባል አልተገኘም። ልባቸውን የሚመግበው የደም ሥር በስብ ጠቦ ኖሯል፤ በላዩ ላይ ደም ረግቶ ደፈነው። ሱባግዮ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው፤ ሁለተኛው ንባብ ላይ ጆሮው ጋለ። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

ምቦክ ዋርሲን ሊፈታቸው ራሱ ወረደ። «ይነሱ እናቴ፣ ቤትዎ ላድርስዎት።»

«መኪናው ዝግ ነው ክፍት?»

«ዝግ ነው፤ ንፋስ እንዳይመታዎት።»

«ስትወስደኝ ክፍት ነበር» አሉ፣ ከአግዳሚው ሳይነሱ።

ክፍቱ መኪና መጣ። ሱባግዮ ከሹፌሩ ጎን መቀመጡን ኅሊናው አልፈቀደለትምና ከኋላ፣ ከቅርጫቱ አጠገብ ተቀመጠ። መንገደኛው ሁሉ ያያቸዋል። ለሦስት ቀን ያዋረዳቸውን ሴት እንዴት እንደሚያናግራቸው ግራ ገብቶት ቅርጫቱ እንዳይንሸራተት በእጁ ደገፈው።

«ፓክ ጁማዲ ከእርስዎ ምን ነበር የሚጠጡት?» አለ በመጨረሻ።

«እርድ በዝንጅብል። ሁልጊዜ። ያቺን ሳምንት ብቻ ነው የለወጡት።»

«የትኛዋን ሳምንት?»

«የሐጁ መሸኛ ድግስ በተበላ ማግስት የነበረችውን፤ ትኩሳት የያዛቸውን። ከሌጊ ገበያ እስከ ክሊዎን ገበያ፣ የገበያ ሳምንቱን አምስቱንም ቀን መራራውን ነው የጠጡት። ሳላቸው ከጓዳ ይሰማኝ ነበር። ሚስታቸው በር ላይ ብርጭቆውን እየተቀበለችኝ ‹ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ› አለችኝ። ትንፍሽ አላልኩም።»

«ታስረውም እንኳ?»

«አንተ የጠየቅኸኝ ስለ መርዝ ነው» አሉ ምቦክ ዋርሲ። «ስለ ትኩሳት ማን ጠየቀኝ?»

ሱባግዮ አንገቱን ደፋ። መጠየቅ ነበር ሥራው፤ እሱን ነው ያልሠራው።

በማግስቱ ሟች ቤት ሄደ። ባለቤታቸው ቡ ሳሪንተን ምንጣፍ ላይ አስቀምጠው ሻይና የተጠበሰ ሙዝ አቀረቡለት። ግድግዳው ላይ፣ ከልጆቹ የምረቃ ፎቶ ጎን፣ በፕላስቲክ የታሸገ የላቦራቶሪ ወረቀት ተሰቅሏል። አንዱ መስመር በአረንጓዴ ቀለም ተከቧል፦ መጥፎው ኮሌስትሮል፣ ሰማንያ አራት።

«ይህን ለእንግዳ ሁሉ ያሳይ ነበር» አሉ ባልቴቷ። «‹ያገሬ ሰው፣ እንደ ጎረምሳ ሆኛለሁ› እያለ። ነፍሱን ይማረውና።»

«የበፊቱ ወረቀትስ አለ?»

ከመሳቢያ አወጡለት። የዛሬ አራት ወር፣ መቶ ሃምሳ አንድ። ሱባግዮ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ያዘ። አዲሱ ከአሮጌው በሁለት ጣት ያጥራል፤ ከግርጌው ተቆርጧል። የተቆረጠው ጠርዝ ቀጥ ያለ ሆኖ ከማዕዘኑ አጠገብ የአይጥ ጥርስ የምታህል ሸረፍታ ነበረችበት። ከዚያ ቀኑን አየ፤ በጣቱ ቆጠረ። ደሙ የተወሰደው በፖን ገበያ ቀን ነው። የዚያችው የገበያ ሳምንት ፖን፤ በሌጊና በክሊዎን መካከል ያለችው።

«በዚያ ሳምንት ፓክ ጁማዲ አሟቸው ነበር?»

«እሱን? ማስነጠስ እንኳ አያውቅም።»

«ምቦክ ዋርሲ መራራውን ሲያቀብሉዎ ግን...»

ቡ ሳሪንተን በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። «ምን ላድርግ ልጄ» አሉ ከውስጥ። «ሁለት ፍየል ታርዶ፣ አገር በልቶ፣ መርቆ ሸኝቶናል። ‹ታሞ ቀረ› ሲባል በምን ፊታችን እንወጣለን? ጠዋት የትኩሳት ማብረጃ አጠጣሁትና በባዶ ሆዱ ወደ ሐጁ የጤና ምርመራ ላክሁት። እንዳይንቀጠቀጥም ሁለት ሸሚዝ ደረብኩለት።»

ሱባግዮ የኪኒኑን ከረጢት ጠየቀ። የኮሌስትሮል መድኃኒት ነው፤ በአሮጌው ወረቀት ጊዜ የጀመሩት አልቆ፣ ደማቸው በተወሰደበት ዕለት ሌላ ስልሳ ፍሬ ተሰጥቷቸዋል፣ በየማታው አንድ። ሃምሳ ስምንቱ አልተነካም። ውጤቱ የመጣው በሁለተኛው ቀን ነበር።

«ማን ነው ተዉ ያላቸው?»

«ራሱ ነው የተወው» አሉ ባልቴቷ። ዓይናቸው ግን ወደ በሩ ሸሸ። ሱባግዮ ልብ አለ፤ ፓክ ጁማዲ ቁርአን ይቀራሉ እንጂ የላቦራቶሪ ወረቀት የሚጻፍበትን ፊደል አያነቡም ነበር። ያነበበላቸው ሰው አለ ማለት ነው።

በሩ ላይ የቆመው ወንድ ልጃቸው ዋህዩዲ ነው፤ ሞተር ብስክሌት ጠጋኝ፣ እጁ እስከ ክርኑ ዘይት።

«የአባትህ የሐጅ ተራ ለማን ይተላለፋል?»

«ለእኔ» አለ ዋህዩዲ። «ሰው የሚለውን ሰምቻለሁ፤ ገዳይ ነህ ይሉኛል። እኔ ከክሊኒኩ ፖስታውን እንደታሸገ ነው ያመጣሁት።»

«ለማን ሰጠኸው?»

«ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። ከዚያ ወዲያ ብትሰቅለኝም አልናገርም፣ ፓክ ኢንስፔክተር።»

ራሱን ለማዳን የሚዋሽ ሰው ብዙ ያወራል። ዋህዩዲ ግን አፉን ገጥሞ እጁን በጨርቅ ይጠርግ ጀመር፤ ሰው ሊያድን ፈልጎ የሚዋሽ ይመስላል።

የክሊኒኩ ዶክተር ፕሪታ ወጣት ናት። የውጤቱን ቅጂ ከፋይል አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችለት። ከኮሌስትሮሉ በታች፣ በሟች ቤት ወረቀት ላይ የሌለ አንድ መስመር ነበር። የብግነት መለኪያ፦ ሰባ አንድ።

«ይሄ ከአምስት በታች ነው መሆን ያለበት» አለች። «ሰባ አንድ ማለት ሰውነቱ ከአንድ ነገር ጋር እየተዋጋ ነው። ሳንባ ላይ ያለ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል።»

«ኮሌስትሮላቸው ግን ጥሩ ነበር።»

«እሱ ነው እኮ የሚያሳስተው። ሰው ትኩሳት ሲይዘው ብግነቱ ይወጣል፣ ኮሌስትሮሉ ይወርዳል። ዳነ ማለት አይደለም፤ ሕመሙ ሲያልፍ ተመልሶ ይወጣል። የተወሰነውን ኪኒኑ አውርዶት ነበር፤ የቀረውን ያወረደው ሕመሙ ነው። የታመመ ሰው ደም የዚያን ቀኑን ብቻ ነው የሚናገረው። ለዚህ ነው ሰውየው ድኖ ጥቂት ሳምንት ሲቆይ የሚደገመው።»

«ይህን ነገርሻቸው?»

ጣቷን ወረቀቱ ግርጌ ላይ አሳረፈች። በእጅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ «በሕመም ላይ የተወሰደ ደም ስለሆነ አይታመንም። ከስድስት ሳምንት በኋላ ይመርመሩ። ኪኒኑ አይቋረጥ።»

«ኪኒኑን ባያቋርጡ ኖሮ ይተርፉ ነበር?»

«ይህን ማንም ሊምልልዎት አይችልም። ግን ወረቀቱን አምኖ የደረት ሕመምን ችላ ያለ ሰው... » ወረቀቱን አጠፈች። «ስድስት ሳምንቱ ካለፈ አራት ቀን ሆኖት ነበር። ቀኑን መዝግቤዋለሁ። አልደወልኩም። ከሞቱ ወዲህ ያንን መዝገብ መግለጥ አሳፍሮኛል።»

ሱባግዮ ሊያጽናናት ፈልጎ ነበር፤ ግን በምን አፉ?

ከክሊኒኩ ሲመለስ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ጎራ አለ። ወረቀት በፕላስቲክ የሚያሽገው መሣሪያቸው ከረመዳን ጀምሮ ተበላሽቷል። በመንደሩ ሌላ አንድ ብቻ አለ። የት እንዳለ ሲነግሩት ሱባግዮ የሰባተኛው ቀን ዱዓ ጥሪ ተብሎ የተሰጠውን ትንሽ ወረቀት ከኪሱ አወጣና ጠርዙን ተመለከተ። ከዚያም የምቦክ ዋርሲን ቤት አንኳኩቶ ዱዓው ላይ እንዲገኙ ለመናቸው። «የቀረኝን ፊት ልትጨርስልኝ ነው?» አሉት። «የእኔን ነው» አለ።

በሰባተኛው ቀን፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ሟች ቤት ግቢው ሞላ። ዱዓው ተደርጎ ሩዙ ሊቀርብ ሲል ሱባግዮ ተነሣ። ምቦክ ዋርሲ ጫማ ከሚወልቅበት ደጃፍ ላይ፣ ማንም ሳይጠጋቸው ለብቻቸው ተቀምጠዋል።

«መጀመሪያ የራሴን ልናገር» አለ። «እኚህን እናት በሰው ፊት ‹አንቺ› ብዬ፣ በክፍት መኪና የወሰድኳቸው እኔ ነኝ። በጃሟቸው ውስጥ ምንም አልተገኘም። ሳልጠይቅ ፈረድኩ። አፍሬአለሁ፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

ምቦክ ዋርሲ ከደጃፉ ቀና ብለው አዩት፤ እሱም ቀጠለ።

«ፓክ ጁማዲ የሞቱት በልብ ሕመም ነው። ታዲያ ደማቸው ንጹሕ ነው የተባለ ሰው እንዴት? ምቦክ ዋርሲ እንደነገሩኝ ከሌጊ እስከ ክሊዎን ትኩሳት ላይ ነበሩ። ደሙ የተወሰደው በፖን ነው፤ ልክ መሃሉ ላይ። ትኩሳት ደግሞ ኮሌስትሮልን ለጊዜው ያወርደዋል። ግድግዳው ላይ ያለው ሰማንያ አራት የጤና ቁጥር አልነበረም፤ የሕመም ቁጥር ነው።»

«ማን ያውቃል ታዲያ?» አለ ከተጓዦቹ አንዱ። «እኛም ብንሆን እንስት ነበር።»

«ወረቀቱ ራሱ ያውቅ ነበር። የብግነቱ ቁጥርና የሐኪሟ ማስጠንቀቂያ ከግርጌው ላይ ተጽፏል። ሰው ቆርጦ ጣለው። ማን ነው? ፓክ ጁማዲ አያነቡም፤ ቡ ሳሪንተንም አያነቡም። ምቦክ ዋርሲ ከደጃፉ አልፈው አያውቁም። ዋህዩዲ ያነባል፤ ተራውም ለእሱ ነው የሚተላለፈው። እኔም ጠርጥሬው ነበር። ግን የአባቱን ተራ የሚመኝ ሰው፣ አባቱ እንዳይሄድ የሚያደርገውን ጽሑፍ ለምን ይቆርጣል? ያንን መስመር ማሳየት ብቻ ይበቃው ነበር። የቆረጠው ሰው ፓክ ጁማዲ እንዲሄዱ የሚፈልግ ሰው ነው።»

ዋህዩዲ አንገቱን ደፋ።

«ወረቀቱ የተቆረጠው በመቁረጫ ማሽን ነው። ማሽኑ ስለቱ ላይ ሸረፍታ አለው። ፎቶ ኮፒ ቤቱ መቁረጫ የለውም፤ ማሸጊያውም ተበላሽቷል። ሁለቱም ያሉት ትምህርት ቤቱ ውስጥ ነው።» ከኪሱ ትንሿን ወረቀት አወጣ። «ዛሬ ሁላችሁም ይቺን ይዛችሁ ነው የመጣችሁት፤ የዱዓውን ጥሪ። ከማዕዘኑ አጠገብ ጣታችሁን አሳልፉበት።»

በግቢው ሁሉ ሰው ኪሱን ዳሰሰ። ጣቶች በወረቀት ጠርዝ ላይ ሄዱና ቆሙ። ከዚያ ዓይን ሁሉ ቀስ እያለ ወደ አንድ ሰው ዞረ። ጥሪውን የቆረጠችው ማን እንደሆነች የማያውቅ አልነበረም።

«ተዋት» አለ ዋህዩዲ። «አንተ ነህ በለኝና ተዋት።»

«አይ፣ ወንድሜ» አለች ራሃዩ። ተነሥታ ቆመች፤ እጇን የምታስገባበት ጠፋባት። «እኔ ነኝ። ‹ይመርመሩ› የሚለውን ሳነብ የጤና ፈቃዱ ተይዞበት አውሮፕላኑ እንዳያመልጠው ፈራሁ። ድግሱ ተበልቷል፤ በመስጊድ ስሙ ተጠርቷል። ሰማንያ አራቱን ሳይ ደግሞ እውነት መሰለኝ፤ የተማርኩ ነኝ ብዬ ቁጥር አነበብኩ። ሐኪሟ ነገር አታብዛ ብዬ ቆረጥኩት። ‹አባዬ ድነሃል፣ ኪኒኑን ተወው› አልኩት። ደስ ብሎት ሳቀ።»

«የደረቱንስ?» አለ ሱባግዮ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። መጠየቁን ጠላው፤ ግን ባለፈው ጊዜ ሳይጠይቅ ምን እንዳደረገ ያውቃል።

«ከመሞቱ በፊት አምስት ቀን ‹ደረቴን ይጫነኛል› ብሎኛል። ግድግዳው ላይ ያለውን አሳየሁትና ‹ድካም ነው› አልኩት።» ፊቷን ወደ ደጃፉ አዞረች። «ሜዳው ላይ ሲወድቅ ወዲያው ነው የገባኝ። ሰው ከማወቁ በፊት ጣቴን ወደሚቀለኝ ቦታ ቀሰርኩ። ምቦክ፣ ይማሩኝ። እግርዎ ላይ ልውደቅ።»

«ትምህርት ቤቱ ያሰናብታታል» አለ አንድ ሰው በሹክሹክታ። ሱባግዮ የሐሰት ጥቆማው ጉዳይ በሕግ እንደሚታይ ተናገረ፤ ማንም የሰማው አይመስልም። ሁሉም የሚያየው ምቦክ ዋርሲን ነበር።

ባልቴቷ ቀስ ብለው ተነሡ። ራሃዩ ልትንበረከክ ስትል ክንዷን ይዘው አቆሟት።

«እዚህ ስትወድቂ የሚያይሽ ስንት ሰው ነው? ስልሳ?» አሉ። «የእኔ ስም የጠፋው በስልሳ ሰው ፊት አይደለም፤ ቤት ለቤት ነው። እንጀራዬም ቤት ለቤት ነው። ከተፈታሁ ወዲህ አንድ በር አልተከፈተልኝም። ይቅርታሽን እዚህ አልቀበልም። ነገ ከፈጅር ሶላት በኋላ ነዪ፤ አብረን እንዞራለን። አንኳኪዋ አንቺ፣ ተናጋሪዋ አንቺ።» ወደ ሱባግዮ ዞሩ። «አንተም ና። ቅርጫቱ ከባድ ነው።»

ሲነጋ ሁለቱም በምቦክ ዋርሲ በር ላይ ተገኙ። ሱባግዮ መለዮውን አውልቆ መጥቷል፤ ምቦክ ዋርሲ ግን መልሰው ላኩትና ለብሶ መጣ። ቅርጫቱን አዘለ። ገመዱ ትከሻውን ቆረጠው፤ ሠላሳ ዓመት ማለት ምን እንደሆነ ከመጀመሪያው ቤት ሳይደርስ ጀርባው ተረዳ።

የመጀመሪያው ቤት የራሃዩ ተማሪ ቤት ነው። አንኳኳች። እናትየው በሩን ከፍታ መምህርቷን፣ ፖሊሱንና አሮጊቷን ስታይ ሻሿን ለማስተካከል እጇን ሰደደች። ከኋላዋ ልጅቷ ዩኒፎርሟን ለብሳ፣ ገና ፀጉሯን ሳታበጥር ብቅ አለች።

ራሃዩ ተማሪዋን አየች፤ ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች። «እኚህ እናት አባቴን አልገደሉም» አለች፤ የቀረው ከከንፈሯ አልወጣም።

«ምን አልሽ መምህርት?» አለች ሴትየዋ።

ምቦክ ዋርሲ ብርጭቆውን በጨርቅ ይወለውሉ ነበር። ቀና አላሉም።

«ጮክ በይ» አሏት። «ልጅቷም ትስማ። ገና መቶ አሥራ ሦስት ቤት ይቀረናል።»